ዱቄቱ ይሞቃል ወይ?

አንድ ባለ ወፍጮ ነበረ።

አትሳቂ፣ እታገኘሁ። «ስለ ሰርቨር ብጠይቃቸው ስለ ወፍጮ ሊያወሩኝ ነው» ብለሽ እንደሆነ ገብቶኛል። ጥያቄሽን ሰምቻለሁ፤ መስማቴን እንድታምኚ ደግሜ ልንገርሽ። አንቺና ሁለት ባልደረቦችሽ ለዶሮ አርቢዎች የአንድ ቀን ጫጩት በኢንተርኔት ትሸጣላችሁ። አርቢው በስልኩ ገጻችሁን ይከፍታል፤ የሚፈልገውን ያህል ያዝዛል፤ እናንተ ከማስፈልፈያው ወስዳችሁ ታደርሱለታላችሁ። ባለፈው ማክሰኞ ግን አንድም ትእዛዝ አልመጣም። ገጻችሁ የተቀመጠበት ሰርቨር ይሠራል፣ መብራቱ አረንጓዴ ነው፣ ሁሉም ነገር ጸጥ ብሏል። «ዛሬ ገበያው ቀዝቅዟል» ብላችሁ ተቀመጣችሁ። ከሰዓት በኋላ አንዲት አርቢ ደውላ «ከጧት ጀምሮ ልዘዝ ብል እምቢ አለኝ» ባትልሽ ኖሮ እስከ ዛሬም ባላወቃችሁ ነበር። ስድስት መቶ ጫጩት ተፈልፍሎ ወሳጅ አጣ፤ ለጎረቤት አደላችሁት።

አሁን ደግሞ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ለበዓሉ አራት ሺህ ሊፈለፈል ነው። እንቁላል ቀጠሮ አያራዝምም። እንደ ማክሰኞው ያለ ቀን ከተደገመ ሥራችሁ አለቀ። ስለዚህ ሰርቨራችሁን የሚጠብቅ ሶፍትዌር ልትገዙ አሰባችሁ፤ አንቺም ሦስት መርጠሽ በወረቀት ጽፈሽ መጣሽና «ጋሼ፣ የትኛው ይሻለኛል?» አልሽኝ። ስድሳ ዓይነት ግራፍ በሚያሳየው ላይ ዐይንሽ እንዳረፈም ሳትነግሪኝ ዐውቄአለሁ፤ ስሙን ሁለት ጊዜ አስምረሽበታል።

እኔ ሃያ ስምንት ዓመት በቴክኒክ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ ሳስተምር ለአንድም ተማሪ «ይኸን ውሰድ» ብዬ መልሱን በእጁ አስይዤ አላውቅም፤ አንቺንም ጨምሮ። ስለዚህ ስሚኝ። ይቺን ታሪክ በተናገርኳት ቁጥር ደሜ ይሞቃል፤ መጨረሻዋ ላይ ስደርስ ከወንበሬ ብነሣ አትደንግጪ።

እናልሽ፣ ሰውየው ሁለት በሬዎቹን ሸጠ። ከአባቱ የወረሰውን ባሕር ዛፍ አስቆርጦ ሸጠ። ሚስቱ «አብደሃል» እያለችው ሄደና የወፍጮ ሞተር ገዝቶ መጣ። በዚያ አገር እህል የሚፈጨው በእጅ ነበር፤ የሴቶቹ ጉልበት የሚያልቀው ድንጋይ ላይ ተደፍተው ነው። ሞተሩ በስምንት ሰው ትከሻ ወንዝ ተሻግሮ ሸለቆው ውስጥ ምንጭ ዳር ተተከለ። መጀመሪያ የተነሣ ቀን ፍየሎቹ ገመዳቸውን በጥሰው ጠፉ፤ ሴቶቹ በእልልታ አገሩን አናወጡት። አንዷ ከድንጋዩ የወጣውን ዱቄት በእፍኟ ብትቀበለው ይሞቃል! «ዱቄቱን ትኩሳት ያዘው!» ብላ ጮኸች፤ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ያን ሙቀት ያዢልኝ፣ በኋላ እፈልገዋለሁ።

ወፍጮው ሸለቆ ውስጥ፣ የሰውየው ቤት ደግሞ ከፍ ብሎ ጉብታ ላይ ነበር። ከቤቱ ሆኖ ወፍጮውን ማየት አይችልም፤ መስማት ግን ይችላል። የገጠር ባለ ወፍጮዎች የሚያደርጉትን ታውቂ እንደሆነ እንጃ፤ የሞተሩ ጭስ ማውጫ አፍ ላይ ቆርቆሮ ይገጥማሉ። ያን ጊዜ ድምፁ ቱክ ቱክ ቱክ እያለ ሦስት ጋራ ይሻገራል። ለጌጥ አይምሰልሽ። ወፍጮው መነሣቱን ለሩቅ ሰው መንገሪያ ነው። ሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ ያለች ሴት ድምፁን ከሰማች እህሏን ተሸክማ ትወጣለች፤ ካልሰማች እቤቷ ትቀመጣለች።

ሰውየው ያን ድምፅ ወደደው። ወደደው ስልሽ ቀላል መውደድ አይደለም። ጎርሶ እያለ ድንገት ማኘኩን ትቶ ያዳምጣል። ሰው ሰላም ሲለው ጣቱን አንሥቶ «ቆይማ» ይላል። ሚስቱ «እኔን ካገባኸኝ ጀምሮ እንዲህ አዳምጠኸኝ ታውቃለህ?» አለችው፤ እሱንም አልሰማትም።

ደግሞ ብልህ ነኝ ባይ ነበር፤ ድምፁ ብቻ አልበቃውም። ሞተሩን የሚያንቀሳቅስለትን ሠራተኛ፣ ሞተረኛውን፣ በየቀኑ ዳገቱን እያስወጣ ይመረምረዋል። ዘይቱ እንዴት ነው? ውኃው ተቀየረ? ጭሱ ነጭ ነው ጥቁር? ብሎኑስ አልላላም? ሞተረኛው ሁሉንም አንድ በአንድ ይመልሳል። አንድ ቀን ነገሩ ሰልችቶት «ጌታዬ፣ ስለ ዱቄቱስ አይጠይቁኝም?» ቢለው ሰውየው ሳቀበት። «ሞተሩ ከሠራ ዱቄቱ የት ይሄዳል?» አለው። ከዚያም ኮስተር ብሎ «አንተ ብቻ ድምፁን አታጥፋብኝ። በሥራ ቀን ድምፁ ከጠፋ ሥራህም እንደጠፋ ቁጠረው» ሲል አስጠነቀቀው።

ይቺን ቃል ልብ በያት። ከዚህ በኋላ የምነግርሽ ጥፋት ሁሉ የተወለደው ከሷ ነው።

በዚያው ሰሞን ከወንዙ ማዶ ሌላ ሰው ወፍጮ ተከለ። ሴቶቹ አሁን አማራጭ አገኙ። ባለ ወፍጮአችን ደግሞ በሬ የለው፣ ባሕር ዛፍ የለው፤ የቀረችው ይቺው ወፍጮ ብቻ ናት። ሴቶቹ ፊታቸውን ካዞሩበት ቤቱ ተፈታ ማለት ነው።

አንዲት መበለትም ነበረች። ቤቷ ከሸለቆው ባሻገር፣ ሴቶቹ ወደ ወፍጮው በሚወርዱበት መንገድ አፋፍ ላይ ነው። ያን ጊዜ ጤፏ ደርሶ ሳለ ያለ ወቅቱ ሰማዩ ጠቆረ፤ በረዶ ከመጣ የዓመት ጉርሷ ጭቃ ላይ መቅረቱ ነው። ስለዚህ ለቅዳሜ ደቦ ጠራች። ሠላሳ ሰው ሊያጭድላት ቃል ገባ። ደቦ የጠራ ማብላት አለበት፤ ባዶ መሶብ ይዞ ሰው ፊት ከመቆም ጤፉ ቢቀር ይሻላል። ማክሰኞ ካልተፈጨ ረቡዕ አይቦካም፤ ረቡዕ ካልቦካ ዐርብ አይጋገርም። ማክሰኞ ጧት የወፍጮው ድምፅ ሲሰማት «ተመስገን» ብላ ከአምና የተረፈ ቀይ ጤፏን ተሸክማ ወረደች።

እሷ ከመድረሷ በፊት ምን ሆነ መሰለሽ? ቺንጋው ተበጠሰ። ቺንጋ የሞተሩን ኃይል ለድንጋዩ የሚያቀብለው ረጅም ቀበቶ ነው፤ እሱ ከሌለ ሞተሩ ለብቻው ይዞራል፣ ድንጋዩ ይተኛል። መለዋወጫ ደግሞ አልነበረም። ሞተረኛው ራሱን ይዞ አሰበ። ሞተሩን ላጥፋው? ካጠፋሁት ጌታዬ ከላይ ሆኖ ይሰማል፤ ሥራዬም ያልቃል። ልተወው? ከተውኩት ጌታዬ ደስ ብሎት ይውላል፤ እኔም ገበያ ሮጬ ቺንጋ ገዝቼ ማንም ሳያውቅ እመለሳለሁ። ናፍጣውን እስከ አፉ ሞላና ሞተሩን እየጮኸ ትቶት ሮጠ!

ቆይ፣ ይብሳል። ቺንጋ ሲበጠስ ሞተሩ ምን ይሆናል? አስተምሬሻለሁ እኮ። አዎ፣ ሸክሙ ይወርድለታል። ያን የሚያህል ድንጋይ ማዞር ቀረለትና ቀለለው፤ ድምፁ ጠራ፣ ፈጠነ፣ ዘፈነ! ጉብታው ላይ ባለ ወፍጮው እንግዶች ተቀብሎ ደጁ ላይ ተቀምጧል። «ስሙልኝማ! ከተተከለ ጀምሮ እንደ ዛሬ አምሮለት አያውቅም» አላቸው። እውነቱን ነው። ሥራ የሌለው ሞተር ምን ጊዜም ድምፁ ያምራል።

ድምፁ ደግሞ ሴቶቹን ጠራቸው። ከየጋራው ወረዱ፤ ሃያ ሆኑ፣ አርባ ሆኑ። ገብተው ቢያዩ ሞተሩ ይጮኻል፣ ድንጋዩ ዝም ብሏል፣ ቺንጋው መሬት ላይ ተጋድሟል፣ ሰው የለም። ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ ወደ ጉብታው ቀና ብለው ተጣሩ። ግን ማን ይስማቸው? የወፍጮው ድምፅ ጩኸታቸውን ዋጠው። ሰውየው ደንበኞቹን እንዳይሰማ የከለከለው ያው የሚወደው ድምፅ ሆነ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሴቶቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ወደ ወንዙ ወረዱ፤ ወደ ማዶው ወፍጮ። መበለቷ ግን አልሄደችም። እዚያ ደርሳ ከነዚያ ሁሉ ኋላ ተራ ብትይዝ ቀኑ አይበቃትም። ሠላሳው ሰው፣ ባዶው መሶብ፣ የጠቆረው ሰማይ አንድ ላይ መጡባት። ተናደደች። እሰይ ተናደደች! ጆንያዋን መልሳ ተሸከመችና ዳገቱን ወጣች፤ ላቧ እየተንጠባጠበ ባለ ወፍጮውና እንግዶቹ ፊት ቆመች።

«እንኳን ደህና መጣሽ፤ አስፈጭተሽ ነው?» አላት ደስ ብሎት። «ወፍጮዬ ዛሬ እንዴት እንደሚዘፍን ትሰሚያለሽ?»

«እሰማለሁ» አለች። ጆንያውን እግሩ ሥር አወረደችና አፉን ፈታች። «እጅዎን ያስገቡ።»

«ለምን?»

«እጅዎን ያስገቡ ብያለሁ።»

ሰውየው እየሳቀ እጅጌውን ሰበሰበና እጁን እስከ ክርኑ ሰደደው። የጠበቀው ሊሞቀው ነው። ከወፍጮ የወጣ ዱቄት ትኩስ እንደሆነ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እጁ ያገኘው ግን ቀዝቃዛ፣ የሚያሟልጭ፣ ያልተፈጨ ጤፍ ነው። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። እጁን ሲያወጣው ጤፉ ላቡ ላይ ተለጥፎ እስከ ክርኑ ቀይ አልብሶታል። ከታች ሞተሩ አሁንም ቱክ ቱክ ቱክ ይላል።

«ከጧት ጀምሮ እንዲህ ነው» አለችው መበለቷ። «አርባ ሴት ነበርን። የቀረሁት እኔ ነኝ።»

ሰውየው ምን አደረገ? ሮጠ! ቁልቁለቱን ወርዶ ሞተሩን በገዛ እጁ አጠፋው። ሸለቆው ጭር ሲል ምን እንደተሰማው ታውቂያለሽ? ከወንዙ ማዶ የዚያኛው ሰው ወፍጮ ሲፈጭና የራሱ ደንበኞች ሲሳሳቁ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የራሱ ሞተር ጋርዶት ነበር። ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ፤ አለቀሰ መሰለኝ፤ እኔ ብሆን አለቅስ ነበር።

ሞተረኛው አዲሱን ቺንጋ ትከሻው ላይ ጥሎ እያለከለከ ሲደርስ ጌታውን በር ላይ አገኘው። ዱላ ጠበቀ። ሰውየው ግን «ድምፅ ጠየቅሁህ፣ ድምፅ ሰጠኸኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለው። ቺንጋውን ለሁለት አስገቡ፤ የመበለቷን ጤፍ ቀን ሳለ ፈጩላት፤ ጆንያውን ሰውየው ራሱ ተሸክሞ እቤቷ አደረሰላት። ቅዳሜም ሠላሳው ሰው በልቶ ጠጥቶ ጤፏን አጨደላት። በረዶው የመጣው እሑድ ነው!

ግን ያን ማክሰኞ፣ ጆንያውን ደጇ ላይ ሲያወርድ ሰውየው ዞር ብሎ ወደ ወፍጮው አየ። ከዚያ በኩል ሆኖ አይቶት አያውቅም ነበር። ሁልጊዜ ያየው ከላይ፣ ከራሱ ደጅ ነው። ሴቶቹ ግን የሚመጡት በዚህ በኩል ነው። ወደ መበለቷ ዞረና «ወፍጮዬን ጠብቂልኝ» አላት።

«እኔ ስለ ሞተር ምን ዐውቃለሁ?» አለች።

«ስለ ሞተር ማወቅ አያስፈልግሽም። ጧትና እኩለ ቀን አንድ አንድ ጣሳ እህል እሰጥሻለሁ። እንደ ማንኛዋም ሴት ተራ ይዘሽ አስፈጪና ዱቄቱን በእጅሽ ንኪው። ከሞቀ ዱቄቱን ይዘሽ ሂጂ፤ ያንቺ ነው። ካልሞቀ ሸለቆው ውስጥ ሆነሽ አትጩኺ፤ ሞተሩ ይውጥሻል። አፋፉ ላይ ወጥተሽ ተጣሪ፤ ጎረቤት ከጎረቤት እየተቀባበለ ያደርስልኛል።»

መበለቷ አሰበችበት። «እሺ» አለች። «ግን ከተጣራሁ ይምጡ። ሁለት ጊዜ ተጣርቼ ካልመጡ ሦስተኛ አልጣራም።»

ሰውየው ማለላት። በማግስቱ ትርፍ ቺንጋ አስገዝቶ ከቤቱ በር ጀርባ ሰቀለ።

ነገሩ ወዲያው ተቃና እንዳልልሽ አልተቃናም። በሦስተኛው ቀን ጧት መበለቷ ተጣራች። ሰውየው ሮጦ ቢወርድ ወፍጮው ይፈጫል! ድንጋዩ ገና ሲነሣ ቀዝቃዛ ነው፤ የመጀመሪያዋ እፍኝ አትሞቅም፤ እሷ ደግሞ የነካችው የመጀመሪያዋን ነበር። አፈረች። ሰዎቹም ሳቁ። ሰውየው አልተቆጣም፤ «ቺንጋ ይዤ መውረድ ተለማመድኩ» አላት። ከዚያ ወዲህ አንዴ ካልሞቀላት ጥቂት ቆይታ ሌላ ጣሳ ታስፈጫለች፤ ሁለተኛም ካልሞቀ ብቻ ነው የምትጣራው። ይቺንም ያዢልኝ።

ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ ዝም። ሰዉ «ይኼ ሰው እህሉን ለከንቱ ይሰፍራል» እያለ ያማው ጀመር። እውነት ለመናገር እሱም ማመንታት ጀምሮ ነበር፤ ድምፁም እንደ ድሮው መጣፈጥ ጀምሮለት ነበር።

የገና ሰሞን ደረሰ! አገሩ ሁሉ ለማስፈጨት የሚነሣበት ሰሞን ነው። የማዶው ወፍጮ ሰልፍ በዝቶበታልና ትተውት የሄዱት ሴቶችም ዛሬ ወዲህ ሊሞክሩ ተነጋግረዋል። ጧት ነው። ሞተሩ ቱክ ቱክ ይላል፤ ድምፁ ያምራል፣ እንዲያውም ከልክ በላይ ያምራል። ሰውየው ቁርስ ሊበላ እጁን ታጥቧል። ድንገት ከአፋፉ «ባለ ወፍጮ ሆይ!» የሚል ጩኸት ተነሣ። አንዱ ጎረቤት ተቀበለው፣ ሌላው ተቀበለው፣ ከጋራ ጋራ እየዘለለ መጣ፤ «ባለ ወፍጮ ሆይ! ዱቄቱ ቀዝቅዟል!»

ይኸው ተነሣሁ! ነግሬሻለሁ እኮ። ሰውየውም እንደኔው ብድግ አለ። ቺንጋውን ከበሩ ጀርባ ነጥቆ አንገቱ ላይ አጠለቀና ቁልቁለቱን ወረደው። ተንሸራተተ፣ ተነሣ፤ አንድ ጫማው ድንጋይ መሃል ቀረ፣ ዞሮም አላየው። ሞተረኛው ሞተሩን አጥፍቶ በር ላይ ይጠብቀዋል፤ ድምፁን ማጥፋት አሁን ወንጀል አይደለም። ሁለቱ ተያይዘው የተበጠሰውን አወጡ፣ አዲሱን አስገቡ፣ ወጠሩ። ሞተሩ ተነሣ። ድንጋዩ አጉረመረመ። መበለቷ የመጀመሪያዋን ጣሳ አፈሰሰች፣ ሁለተኛዋን አፈሰሰች፣ ከሥር እጇን ዘረጋች። ወንዶቹ ትንፋሻቸውን ይዘው እጇን ያያሉ።

«ሞቀ!» አለች።

ያኔ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ከአፋፉ ብቅ አሉ። ሃያ፣ አርባ፣ ስልሳ! ጆንያቸውን አሰልፈው ትኩስ ትኩሱን ተቀበሉ። አንዷ ዱቄቷን ተሸክማ ስትወጣ ባለ ወፍጮውን አየችው፤ ላብ በላብ ሆኖ፣ አንድ እግሩን ባዶውን፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። «እርስዎ እኮ የታደሉ ነዎት» አለችው። «ወፍጮዎ አንድ ቀን ተበላሽቶ አያውቅም!»

ሰውየው ሳቀ። ትን እስኪለው ሳቀ፤ ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ጥላው ሄደች።

እንግዲህ ልቀመጥና ወዳንቺ ልመለስ። ወፍጮው ሰርቨርሽ ነው። ዱቄቱ አርቢው የሚያዝዘው ጫጩት ነው። ያ የሚያምረው ድምፅ ደግሞ ባለፈው ማክሰኞ ሲያበራ የዋለው አረንጓዴ መብራት ነው። ሰርቨሩ ነቅቶ ነበር፤ ትእዛዝ የሚቀበለው ክፍል ግን ቺንጋው ተበጥሶ ነበር። ጸጥ ማለቱን እንደ ጤና ቆጠራችሁት። ጸጥ ያለው ሸክም ስላልነበረበት ነው፣ የኔ ልጅ! ደውላ የነገረችሽ አርቢ መበለቷ ናት፤ እጅሽን ይዛ ጆንያው ውስጥ አስገባችልሽ። ለመሆኑ አመስግነሻታል?

በይ ወረቀቱን አምጪ። ይኼ ስድሳ ግራፍ የሚሥለው ስለ ዘይቱና ስለ ጭሱ ይነግርሻል፤ ለሞተረኛሽ፣ ሰርቨሩን ለሚጠግንልሽ ሰው፣ አንድ ቀን ይጠቅመው ይሆናል። ይኼ ሁለተኛው በነጻ ነው፤ ግን የሚጫነው እዚያው ሰርቨሩ ውስጥ ነው አላልሽኝም? ሸለቆው ውስጥ ቆሞ የሚጮኽ ማለት እሱ ነው፤ ሰርቨሩ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል፣ ማንስ ይሰማዋል? ይቺ «መልኳ አያምርም» ያልሻት ሦስተኛዋስ ምን ታደርጋለች? አንብቢልኝ እስቲ። በየአምስት ደቂቃው ከውጭ ሆና ገጽሽን ትከፍታለች፤ እንደ አርቢ ለሙከራ አንድ ጫጩት ታዝዛለች፤ እምቢ ካላት ደግማ ትሞክራለች፤ ሁለተኛም እምቢ ካላት ስልክሽ ላይ ትደውላለች። አየሽ! ጣሳ ይዛ ተራ የምትጠብቀው ይቺ ናት! እኔ አልመረጥኩልሽም እንግዲህ፤ ፊትሽ ነው የመረጠው።

ግን ጠባቂ ገዛሁ ብለሽ እንዳትተኚ። እሷ ትጣራለች እንጂ ቺንጋ አታስገባም። ስልኩ ሲጮኽ ከሦስታችሁ ማን ብድግ እንደሚል ዛሬውኑ ተነጋገሩ፤ መጠባበቂያ ሰርቨራችሁንም እንደ ቺንጋው ከበሩ ጀርባ ስቀሉት። የመበለቷን ቃል አትርሺ። ሁለት ጊዜ ተጠርተሽ ካልመጣሽ ሦስተኛውን ጥሪ የማትሰሚው ራስሽ ነሽ።

አሁን ስልክሽን አውጪ። የቢሮሽን ኢንተርኔት ተዪው፣ በስልክሽ ዳታ ግቢ፤ አርቢዋ የቢሮሽ ኢንተርኔት የላትም። ገጽሽን ክፈቺ። ከራስሽ ገጽ ጫጩት አዝዘሽ ታውቂያለሽ? አንድም ቀን? በይ በእኔ ስም አንዲት ጫጩት እዘዢ። ዝም ብለሽ ተጫኚው።

እ? ተቀበለ? ሞቀ? እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!

ገና ነው ግን፣ አትዝለዪ። እኔ ተራዬን ይዣለሁ፤ ጫጩቷን ላኪልኝ። እጄ ላይ ስትቀመጥ ትሞቅ እንደሆነ ራሴ ደውዬ እነግርሻለሁ።